አሥር ሰከንድ ለአንድ ምስል፦ አልትራሳውንድ በድንገተኛ ሕክምና

ልቡ የቆመ ሰው ደረቱ ያለማቋረጥ መጫን አለበት። ሐኪሞች ሥራውን ለፍተሻ የሚገቱት ከአሥር ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ እጅ በተነሣ ቁጥር ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ይቀንሳልና። በዚህች ፋታ የልብን ምስል ማየት ይቻል ይሆን? ጥያቄውን በቀዳሚነት ካነሡት መካከል የጀርመኗ ፍራንክፈርት ሐኪሞች ይገኙበታል።

አልትራሳውንድ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ አካል ልኮ የገደል ማሚቶውን ወደ ምስል ይለውጣል። ፈሳሽ ድምፁን ስለማይመልስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በጉበትና በኩላሊት መካከል የሚታይ ጥቁር ሰንጥቅ፣ አደጋ የደረሰበት ሰው ሆዱ ውስጥ እየደማ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል።

በጀርመን የድንገተኛ ሐኪም አደጋው ወደ ደረሰበት ስፍራ ስለሚሄድ፣ የፍራንክፈርቱ ቀዶ ሐኪም ፌሊክስ ቫልሸርና ባልደረቦቻቸው መሣሪያውን ወደዚያው ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናታቸው እንዳሳየው፣ ምርመራው በሆስፒታል ከሚደረገው በአማካይ 35 ደቂቃ ይቀድማል፤ ከተጎጂዎቹም 22 በመቶ የሚሆኑት የሚወሰዱበት ሆስፒታል እንዲለወጥ ምክንያት ሆኗል።

ራዑል ብራይትክሮይትስ ደግሞ ትኩረታቸውን በልብ ላይ አደረጉ። በኋላ ያገለገሉበት የሆክስት ሆስፒታል የሚገኘው በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኡንተርሊደርባህ ዳርቻ ነው። መነሻቸው ቀላል እውነት ነበር፦ ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ እንጂ እንቅስቃሴውን አይለካም። የልብ ትርታው በእጅ ሲዳሰስ የጠፋ ሰው፣ ልቡ በደካማው እየተኮማተረ ሊሆን ይችላል። እርሳቸው የመሩት የ2010 ጥናት፣ ኤሌክትሪክ እንጂ ትርታ ካልተገኘባቸው ሕሙማን በ58 በመቶው ላይ የልብ እንቅስቃሴ አሳይቷል። በልብ ዙሪያ የተጠራቀመ ፈሳሽም በዚሁ ምስል ሊታይና ሊቀዳ ይችላል።

ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። መዳሰሻው ደረት እየተጫነ ሳለ ከደረት አጥንት ሥር ይቀመጣል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ሰከንዱን ይቆጥራል፤ ምስሉ እንደተቀረጸ መጫኑ ይቀጥላል፤ ትርጓሜው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህ ሥርዓት ሲላላ መሣሪያው ራሱ ጉዳት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ አልትራሳውንድ ጥቅም ላይ ሲውል ፋታው በአማካይ ከ13 ወደ 21 ሰከንድ መራዘሙን አመልክቷል። ስለዚህ ወሳኙ የእጅ ልምምድ ነው፤ በፍራንክፈርት ለሆድ ምርመራ የአንድ ቀን የተግባር ሥልጠና ተዘጋጅቶ ውጤቱም ተፈትሿል።

በኢትዮጵያም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርትን እ.ኤ.አ. በ2010 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጀምሯል፤ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ2013 ወጥተዋል። ኤምአርአይና ሲቲ ስካን እንደ ልብ በማይገኙበት አገር፣ በአንድ እጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ ትልቅ አቅም ነው፤ አቅሙን እውን የሚያደርገው ግን አሥሩን ሰከንድ የሚያከብር የሠለጠነ ቡድን ነው።