ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት ሰዓትዎን ይመልከቱ

እየሠራ ቀጥ የሚል ኤር ኮንዲሽነር የቆላ ከተሞችን ገዢ ምን ያስከፍለዋል?

ሙቀቱ ሲበረታ፣ በጋምቤላ በየካቲትና በመጋቢት፣ በድሬዳዋና በሰመራ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ፣ ኤር ኮንዲሽነር የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ይቀራል። የመድኃኒት መደብሩ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ የጅምላ ነጋዴው ቢሮና የመኖሪያ ቤቱ መኝታ ክፍል ያለ እሱ አይሆንላቸውም። ታዲያ በእነዚሁ ወራት ከባለቤቶች አፍ የማይጠፋ አንድ አቤቱታ አለ፤ መሣሪያው ጥቂት ሠርቶ ቀጥ ይላል። በሪሞት ያስነሱታል፤ ይነሳል፤ መልሶ ቀጥ ይላል።

ከጎረቤትም ከደላላም የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ጋዝ ጨርሷልና ይሞላ። ጋዙ ይሞላል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ ሁለት ሳምንት ሳያልፍ መሣሪያው ወደ ልማዱ ይመለሳል። ሁለተኛው ፍርድ ከበድ ያለ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ ይለወጥ ይባላል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የብር ዋጋ ከግማሽ በላይ ስለወረደ፣ ከውጭ የሚገባ ኮምፕሬሰር መለወጥ በቀላሉ የሚታለፍ ወጪ አይደለም። ሒሳቡን የሰማ ባለቤት አሮጌውን በርካሽ ለደላላ ሰጥቶ አዲስ ሊገዛ ይነሳል። ያ አሮጌ መሣሪያ በአንዲት ርካሽ ዕቃ የሚድን እንደነበረ ኋላ የሚያውቀው በርካሽ የገዛው ሰው ነው።

የኤር ኮንዲሽነር ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየዞረ ሙቀት ያመላልሳል እንጂ ፍጆታ የለውም። ቱቦው ካልተበሳ አሥር ዓመትም ቢሠራ መጠኑ ያው ነው። ጎድሎ ከተገኘ አንድ ቦታ ይሾልካል ማለት ነው። የሚሾልክበትን ሳይፈልጉ በላዩ መሙላት በተቀደደ ጆንያ እህል እንደመስፈር ነው። ደግሞም መሣሪያውን እያጠፉ ከሚያስቸግሩት ምክንያቶች የጋዝ ማነስ አንዱ ብቻ ነው።

ያጠፋው ማን ነው?

ባለሙያ ከመጥራት በፊት ባለቤቱ ራሱ ሊያየው የሚገባ ነገር አለ። የቆጣሪው ሰሌዳ ላይ ያለው ብሬከር ወርዶ ከሆነ ጉዳዩ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ነው። ብሬከሩ ሳይወርድ፣ የውስጡ ማራገቢያ እየነፈሰ የውጭው ሳጥን ብቻ ጸጥ ካለ፣ ክፍሉ ከታዘዘው ቅዝቃዜ ደርሷል፤ ወይም ኮምፕሬሰሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን አርፏል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፍቶ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ መሣሪያው የብልሽት ምልክት እየሰጠ ነው። የምልክቱ ትርጉም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በራሱ መመሪያ መጽሐፍ እንጂ በሌላ ማርካ ልምድ አይፈታም። ሪሞቱ ላይ የማጥፊያ ሰዓት ሳይታወቅ ተሞልቶ ለዚያ የጥገና ዋጋ የተከፈለበትም ጊዜ አለና እሱንም ማየት አይከፋም።

ከዚያ ቀጥሎ ሰዓት መያዝ ነው። ከተነሳ በኋላ ስንት ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ? የበሽታው ስም ብዙውን ጊዜ በዚህ ቁጥር ውስጥ ነው።

በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም የውጭው ሳጥን «እም» ብሎ አጉረምርሞ ጠቅ ሲል ዝም የሚል ከሆነ፣ ኮምፕሬሰሩ ለመነሳት ሞክሮ አቅም አጥቷል። አቅም የሚያሳጡት በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ካፓሲተር የምትባለው፣ ሞተሩን ለማስነሳት የምትረዳ የጣሳ ቅርጽ ያላት ዕቃ ናት። ሙቀት ያደክማታል፤ ብዙ ጊዜም አናቷ ያብጣል። ዋጋዋ ከኮምፕሬሰር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ተብሎ ከተፈረደባቸው መሣሪያዎች መካከል የሞተችው እሷ ብቻ የሆነችባቸው አሉ። ስለዚህ ኮምፕሬሰር ይለወጥ የሚል ሰው ካፓሲተሯን በመለኪያ ለክቶ፣ ወይም በሌላ ተክቶ ሞክሮ እንደሆነ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ባለቤቱ ራሱ ግን እጁን አይስደድ፤ መሣሪያው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሯ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይመታል።

ሁለተኛው የቮልቴጅ ማነስ ነው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው ቢባልም ሁሉም የሚያበራበት ምሽት ላይ ከዚያ የሚወርድባቸው ሰፈሮች ጥቂት አይደሉም። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ሶኬቱን ይለካል፣ 220 ያነባል፣ መስመሩ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። መለካት የነበረበት ኮምፕሬሰሩ በሚነሳባት ቅጽበት፣ ገመዱ ወደ ውጭው ሳጥን በሚገባበት ቦታ ላይ ነበር። ሽቦው ቀጭን ወይም ርቀቱ ረጅም ከሆነ ቮልቴጁ በዚያች ቅጽበት ዝቅ ይላል። የእንጀራ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ኤር ኮንዲሽነሩ የሚጠፋበት ቤት ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ምጣዱ ብቻውን 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ሁለቱን በአንድ መስመር ማሠራት አይቻልም። ለ12,000 ቢቲዩ መሣሪያ ራሱን የቻለ ባለ 2.5 ሽቦ፣ ለ24,000 ደግሞ ባለ 4፣ ርቀቱ ሲረዝም ከዚያም ወፈር ያለ ከሰሌዳው በቀጥታ መሳብ ይገባል። ብሬከሩ ስለወረደ 16 አምፔሩን አውጥቶ በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ 32 መግጠም ግን ችግሩን መፍታት አይደለም። ብሬከሩ ይተርፋል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይነዳል።

መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ ከቆመ በኋላ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። አዳዲሶቹ ይህን ጊዜ ራሳቸው ይጠብቃሉ። በእጅ የሚጠመዘዝ ቁልፍ ያላቸው የድሮዎቹ የመስኮት ኤር ኮንዲሽነሮች ግን ዝም ብለው ሊነሱ ይታገላሉ። ለእነሱ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ የቮልቴጅ መከላከያ መግዛት ከወጪ አይቆጠርም።

የውጭው ሳጥን ትንፋሽ

ጠዋት ደህና ሠርቶ ቀትር ላይ ከአሥርና ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚያርፍ መሣሪያ የተለየ ነው። ይህ በቆላ ከተሞች የተለመደው ዓይነት ይመስለናል። የውጭው ሳጥን ሥራው ከክፍሉ የተሰበሰበውን ሙቀት ወደ አየር መጣል ነው። መጣል ሲያቅተው ግፊቱና ሙቀቱ እያደገ ሄዶ መከላከያው ያጠፋዋል፤ ሲበርድ ይነሳል፤ መልሶ ይጠፋል።

ለምን ያቅተዋል? ሌባ እንዳይወስደው በወፍራም የብረት ሳጥን ታጥሮ፣ አንዳንዴም ጭራሽ በላሜራ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ወይም በሁለት ሱቆች መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ሦስትና አራት ሆነው ፊት ለፊት ተተክለው አንዱ የተፋውን ትኩስ አየር ሌላው ይስባል። ወይም የድሬዳዋ አሸዋና አቧራ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹን ደፍኖታል። ቅጠሎቹን ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ሳያጣምሙ በዝቅተኛ ግፊት ውኃ ማጠብ፣ አጥሩን ማስፋት፣ ጥላ ማበጀት ብዙዎቹን ያለ አንዳች መለዋወጫ ያድናቸዋል። ከገጠማ ጊዜ ጀምሮ ቱቦው ውስጥ የቀረ አየርም ይህንኑ ያስከትላል። ገጣሚው በቫኪዩም ፓምፕ አየሩን ሳያወጣ ጋዙን ለቅቆ ከሄደ መሣሪያው ገና ከመጀመሪያው ግፊት በዝቶበት ነው የሚሠራው።

ነጋዴዎቻችን እምብዛም የማያነቡት አንድ ጽሑፍ መሣሪያው ገላ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ቲ 1 ወይም ቲ 3 ይላል። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ቲ 1 የተባለው ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን የተለካ ነው፤ ቲ 3 የተለካው ደግሞ በ46 ዲግሪ ነው። ለአዳማ የመጀመሪያው ሊበቃ ይችላል። ሰመራ ላይ፣ 40 ዲግሪን በሚያልፈው የሰኔ ቀትር፣ በብረት አጥር ውስጥ የተቀመጠ ቲ 1 ቢያርፍ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። አስመጪ በአንድ ኮንቴይነር የተጫነውን ለአዲስ አበባም ለአፋርም በአንድ ዋጋ ሲያከፋፍል ልዩነቱ የሚወጣው ከገዢው ኪስ ነው።

ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ ንፋሱ እየደከመ ሄዶ የሚቆምና ሲጠፋ ውኃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ውስጡ በረዶ ሠርቷል። ያኔ መጀመሪያ ማጣሪያውን አውጥቶ ማጠብ ነው፤ በአቧራማ ከተማ በየሁለት ሳምንቱ ቢታጠብ አይበዛበትም። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ በረዶው ከቀጠለና ከውጭው ሳጥን የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ላይም አመዳይ ከታየ፣ የጋዝ ማነስን መጠርጠር የሚገባው አሁን ነው። ሹልክታው አብዛኛውን ጊዜ ቱቦዎቹ በለውዝ ከሚጠብቁበት መገጣጠሚያ ላይ ስለሆነ በሳሙና አረፋ ይታያል።

በየአምስት ደቂቃው እየጠፋ፣ ግን ክፍሉ በእርግጥ እየቀዘቀዘ ከሆነስ? ምናልባት ሕመም የለውም፤ ከክፍሉ በላይ ነው። ሻጭ «ትልቅ ይሻላል» ብሎ ለ12 ካሬ ሜትር መኝታ ቤት 24,000 ቢቲዩ ሸጦ ከሆነ መሣሪያው ቶሎ አቀዝቅዞ ያርፋል። እርጥበቱን ለመምጠጥ ጊዜ ስለማያገኝ እንደ ጋምቤላ ባለ አገር ክፍሉ ቀዝቃዛ ሆኖም ይተክናል። ለ16 እስከ 20 ካሬ ሜትር በግምት 12,000 ይበቃል። ከዚንጎ ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ በሚገባበት ትልቅ መስታወት አጠገብ ለሆነ ክፍል ግን መጠኑን ከፍ ማድረግ ያሻል። ከፍ ያለ ጣሪያና ወፍራም ግድግዳ ያላቸው የከዚራ የጥንት ቤቶች በአነስተኛ መሣሪያ ሲቀዘቅዙ አጠገባቸው የተሠራው የመስታወት ፎቅ በሁለት አይጠግብም።

ከባሕረ ሰላጤው የመጣው ዕቃ

ያገለገለ ኤር ኮንዲሽነር የሚሸጥና የሚገዛ ሰው፣ በድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ይሁን በመርካቶ፣ ከሁሉ በፊት ሊያነበው የሚገባው የኸርዙን ቁጥር ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። የኤሚሬትስም እንዲሁ ነው። የሳዑዲ አረቢያ ግን 60 ነው። ለ60 ብቻ የተሠራ መደበኛ ኮምፕሬሰር በእኛ መስመር ላይ ይነሳል፤ ሻጩም «ይኸው ሠራ» ይላል። ነገር ግን ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ከሚገባው በላይ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ ከዚያ መከላከያው ያጠፋዋል። ጋዝ ቢሞላም፣ ካፓሲተር ቢለወጥም አይድንም። ስታቢላይዘርም አያድነውም፤ ስታቢላይዘር ቮልት እንጂ ኸርዝ አይቀይርም። 50/60 የሚል ከሆነ ግን ለሁለቱም የተሠራ ነው።

ቀጥሎ የጋዙ ዓይነት አለ። አር 22 የሚል መሣሪያ ዋጋው የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ታዳጊ አገሮች የዚህን ጋዝና የመሰሎቹን ፍጆታ ከ2025 ጀምሮ በ67.5 በመቶ እንዲቀንሱ፣ በ2030 ደግሞ ለጥገና ከሚተው ጥቂት መጠን በቀር እንዲያቆሙ ተወስኗል። እየጠበበ ከሚሄድ ገበያ ጋዝ ለመግዛት የተዘጋጀ ይግዛው። በአር 22 መሣሪያ አር 410 ኤ መሙላት የማይታሰብ ነው፤ ግፊቱ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው፣ ዘይቱም ሌላ ነው። አር 32 በበኩሉ በመጠኑ የሚቀጣጠል ስለሆነ እሳት ይዞ ቱቦ ለሚበይድ ልምድ አልባ ሰው አይሰጥም። ትክክለኛው ጋዝ የሚሞላውም መለያው ላይ በተጻፈው ግራም በሚዛን እንጂ ቱቦውን በእጅ በመዳሰስ አይደለም።

የሙከራው ሰዓትም የዋጋው አካል ነው። ደላላ ዕቃውን ማሳየት የሚወደው በማለዳ ወይም ካመሸ በኋላ ነው፤ አምስት ደቂቃ ይሠራል፣ ይቀዘቅዛል፣ እጅ ይመታል። ገዢ ቀጠሮውን ለሰባት ሰዓት ቀትር ያድርገው፤ የአምፔር መለኪያ ያለው ባለሙያ ይዞ ይሂድ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ያሠራው። አምፔሩ መለያው ላይ ከተጻፈው በግልጽ ከበለጠ ወይም መሣሪያው በመሐል አንድ ጊዜ እንኳን ያለ ምክንያት ካረፈ ዋጋው እንደገና ይነገር። ይህን ሙከራ የማይቀበል ሻጭ የመሣሪያውን አመል ያውቀዋል ብሎ መገመት ይቻላል።

አዲስ የሚገዛ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ከማርካውና ከቢቲዩው ሌላ የአየር ንብረት ደረጃው፣ ኸርዙና የጋዙ ዓይነት እንዲሰፍር ይጠይቅ። ዋስትናው የገጠማውን ሥራ ይጨምር እንደሆነም በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ሻጩ በገጣሚው፣ ገጣሚው በመብራቱ ሲያሳብቡ መሐል የሚቀረው ገዢው ነው። የእንግዳ ማረፊያ የሚሠሩ ባለሀብቶችም የእያንዳንዱን ክፍል መስመር ለየብቻ መሳብና የውጭው ሳጥን የሚቆምበትን ቦታ መወሰን ያለባቸው ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ነው።