ባቄላና አተር

የገበያ ቀን ደባርቅ ላይ ተመላላሽ ክፍላችን ይጨናነቃል። በእንዲህ ያለ ቀን ነው ከወቅን በኩል የመጡ አንዲት እናት ፊቴ ተቀምጠው የመቀነታቸውን ጫፍ የፈቱት። ገንዘብ መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የዘረገፉት ግን ባዶ የክኒን ማሸጊያ ነው፤ ፓራሲታሞል፣ ዲክሎፍናክ፣ አድቪል፣ ስሙ የተቀደደ ሌላም። «ይኸው ልጄ፣ ይኸን ሁሉ ውጬ ራሴ አልተወኝም» አሉ። ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አስረዋል፤ ፊታቸውን ከመስኮቱ ብርሃን ያሸሻሉ።

የቀድሞ ካርዳቸውን ሳገላብጥ በአንድ ዓመት አራት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብለው ታክመዋል። ትኩሳት አንድም ጊዜ አልተመዘገበም። ይህ የእኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው። ራሱን ያመመው ሁሉ ደም ይሰጣል፤ የዊዳል ምርመራው ያለፈውን ሕመም ከአዲሱ በቅጡ አይለይም፤ ሰውየው አንቲባዮቲክ ተሸክሞ ይሄዳል። ሌላው «ሳይነስ ነው» ይባላል፣ ሌላው ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። እኚህ እናት ግን ሕመማቸውን አጥርተው ነገሩኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በወር አንድ ሁለቴ በአንድ ጎን እንደ ልብ ትርታ ይመታቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ጨለማ ጓዳ ገብተው ይተኛሉ፣ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ይለቃቸዋል። ይህ ሚግሬን ነው። አንዱ ዙር ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ደም ምርመራ አያወጣውም፤ የሚታወቀው በጥያቄና በመስማት ነው።

ብርቅ ሕመም አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተሳተፉበት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የቤት ለቤት ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 አዋቂ ወደ 18 የሚጠጋው በዓመት ውስጥ ሚግሬን እንደሚይዘው፣ 3 ያህሉን ደግሞ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን እንደሚያመው አሳይቷል።

የእኚህ እናት ሕመም ግን በወር ሁለቴ የነበረው እንዴት የየዕለት ሆነ? ስንት ቀን እንደሚያማቸው ስጠይቅ «ሁልጊዜ» አሉኝ። ስለዚህ ወሩን ራሳቸው በሚቆጥሩበት ጠየቅኋቸው። «ከአቦ እስከ ሚካኤልስ? ከሚካኤል እስከ መድኃኔ ዓለምስ፣ ክኒን ሳይውጡ የዋሉበት ቀን አለ?» ጣታቸውን እያጠፉ አሰቡ። «የማርያም ዕለት ብቻ። አልቆብኝ ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሚግሬን ያለበት ሰው ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፌይን ወይም ኮዴይን የተቀላቀለበትን ክኒን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ ከዋጠ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ሲያልቅ ያማል፣ ሲያም ይዋጣል። የጠዋት ቡና ሲቀርበት ራሱን የሚፈልጠው ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል።

ጎረቤታችን ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት ይመዘግባል። የራስ ምታትን ቀን ግን ከታማሚው በቀር የሚቆጥርለት የለም። እኚህ እናት ማንበብ ስለማይችሉ የሚመዘግቡበት ደብተር አልሰጠኋቸውም። ባመማቸው ቀን አንድ ባቄላ፣ ማስታገሻ ክኒን በዋጡበት ቀን አንድ አተር ጣሳ ውስጥ እንዲጥሉ ተስማማን። ማስታገሻውን አስቆምኩ፤ በመኝታ ሰዓት የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን አዘዝኩ። «የአእምሮ ሕመምተኛ መድኃኒት ነው አሉኝ» ብለው ፈሩ። ለድብርት የሚሰጠው መጠን ከፍ ያለ መሆኑን፣ ትንሹ ግን ራስ ምታትን እንደሚከላከል ደጋግሜ አስረዳሁ። አስም ለሌለበት ፕሮፕራኖሎልም አለ። ማስታገሻው ሲቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚብሱም አልደበቅሁም። ባሱም። በአምስተኛው ቀን በልጃቸው ስልክ ደውለው አለቀሱ። እስኪበቃቸው ሰማኋቸው፣ አይዞዎት አልኩ፤ ክኒን ግን አልጨመርኩም።

በሦስተኛው ወር የዚያን ወር ጣሳ ይዘው መጡ። አብረን ቆጠርን፤ 7 ባቄላ፣ 4 አተር። ሚግሬኑ አልጠፋም፤ ግን ዙሩ ሲነሳ ገና በጅማሬው የሚዋጥ ክኒን እንደገና ይሠራላቸዋል። ጾም ሚግሬንን ሊቀሰቅስ ቢችልም ተዉ አላልኳቸውም። ከዋዜማው ውኃ ጠጥተው፣ በሰዓቱ ተኝተው እንዲጾሙ ነው የመከርኳቸው።

ሁሉም ራስ ምታት ግን ባቄላ እየተቆጠረ አይጠበቅም። አገራችን ብርድ ነው፤ ማታ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የሚተኛ ብዙ ነው። ቤተሰቡ አንድ ላይ ራሱን እያመመው ከነቃ የከሰሉ ጋዝ መርዞታልና ወዲያው ወጥቶ ጤና ተቋም ይድረስ። በድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ እጅ እግር የሚያዝል፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ ነፍሰ ጡርን ዓይኗን እያጭበረበረ የያዛት ራስ ምታት የዚያኑ ዕለት መታየት አለበት።

መድኃኒት ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ሰው በሳምንት ሦስተኛ ጊዜ የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ ከመጣ፣ በወር ስንት ቀን እንደሚውጥ ጠይቁት። 10 ከደረሰ ሳትሸጡለት ወደ እኛ ላኩት።