ሰዓታችሁ በእርግጥ ግፊት ይለካል? ስማርት ዋች ከመግዛታችሁ በፊት



ሰሞኑን በኢንቦክስ በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ምግብ አይደለም። «ዶክተር፣ ለእናቴ የትኛውን ስማርት ዋች ልግዛላት?» የሚል ነው። አብሮት ከቴሌግራም የተነሳ የማስታወቂያ ፎቶ ይመጣል። ግፊት ይለካል፣ ስኳር ይለካል፣ ኦክስጅን ይለካል፣ የልብ ምት ይቆጥራል፣ ስልክ ያነሳል፣ ውሃ አያስገባም። ቡና ማፍላት ብቻ ነው የቀረው።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ እንጂ የሞባይል ባለሙያ አይደለሁም። የትኛው ስክሪን እንደሚያምር፣ የትኛው ማሰሪያ ከልብስ ጋር እንደሚሄድ ለሌሎች እተዋለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰዓቱ ላይ የሚወጣውን ቁጥር አምኖ መድኃኒት የሚያቆም ሰው አለ። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር።

መጀመሪያ ግን ስማርት ዋች የሚባለው የቱ ነው?

ገበያው ውስጥ ስክሪኑ የሚበራ ሰዓት ሁሉ ስማርት ዋች ይባላል። በትክክል ስማርት ዋች የሚባለው ግን እንደ ስልክ የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው፣ አፕሊኬሽን የሚጫንበት ሰዓት ነው። አፕል ዋች (ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ)፣ የሳምሰንግ ጋላክሲ ዋች፣ የጉግል ፒክስል ዋች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ዓይነት ባንድ የሚባለው ቀጭኑ ነው፤ የሻኦሚና የሁዋዌ ባንዶችን ታውቋቸዋላችሁ። እርምጃ፣ እንቅልፍና የልብ ምት ይመዘግባል፣ የስልክ መልእክት ያሳያል፣ ከዚያ በላይ ብዙ አይጠበቅበትም። ሦስተኛው እንደ ጋርሚን ያለው የስፖርት ሰዓት ነው፤ ሯጮችና ብስክሌት ነጂዎች ይወዱታል።

አራተኛው ደግሞ መልኩ ቁርጥ አፕል ዋች የሆነ፣ ጀርባው ላይ «አልትራ» ምናምን የተጻፈበት፣ ካርቶኑ ላይ የታወቀ አምራች ስም የሌለው ነው። መርካቶም መገናኛም ሞልቷል። ሰዓት ለማየትና ስልክ ሲደወል ለማወቅ ከሆነ ቅር አይለኝም፣ ልበሱት። ችግሩ የሚጀምረው የጤና ቁጥሩን ስታምኑት ነው።

አንድ አባት ነበሩ፣ በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ለውጫለሁ። የመጡት ማጅራታቸው አካባቢ ራስ ምታት ስላስቸገራቸው ነው። ካርዳቸው ላይ ለዓመታት አምሎዲፒን እንደሚወስዱ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ የግፊት መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?»

«ኧረ ልጄ፣ ከተውኩት ሁለት ወር ሆነኝ። ተስተካክሏል እኮ!» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰዓታቸውን አሳዩኝ። ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸው ነው። 118/76 ይላል።

በክንድ መለኪያ ስለካቸው 188/106 ሆነ። አምስት ደቂቃ አርፈው በሌላኛው ክንድ ደገምኩት፣ ብዙም ልዩነት የለውም። ጋሼ ግን ሰዓቱን እንጂ የእኔን መሣሪያ ማመን አልፈለጉም። የዱባይ ዕቃ ነዋ! ሰዓቱን ተቀብዬ ጠረጴዛዬ ላይ በነበረ የሶፍት ጥቅል ላይ አሰርኩት። አረንጓዴ መብራቱ ትንሽ ብልጭ ብልጭ አለና 121/79 አወጣ። ጋሼ ሶፍቱን አዩ፣ ሰዓቱን አዩ፣ ከዚያ «ሶፍቱም ጤነኛ ነው በለኛ» አሉኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ጉዳዩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ያለ መድኃኒት በዚያ ግፊት የቆየ ሰው አንድ ጠዋት ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ ሊነሳ ይችላል። የሽንት ምርመራቸው ላይ ፕሮቲን ተገኘ፣ ማለትም ኩላሊታቸው እየተነካ ስለሚሆን ተጨማሪ ክትትል ያስፈልገዋል። መድኃኒቱን የዚያኑ ዕለት ጀመሩ። ከክፍሉ ሲወጡ የጠየቁኝ ስለ ኩላሊታቸው አልነበረም፤ «ለልጅቷ ምን ብዬ ልንገራት? ከደሞዟ ቆርጣ ነው እኮ የገዛችው» የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዓቱ ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳችን ይልካል። ደም ይህን ብርሃን ይመጣል፤ ልብ በመታ ቁጥር በአንጓችን የሚያልፈው ደም ስለሚጨምር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ ይቆጥራል። ስለዚህ የልብ ምት መቁጠር ለሰዓት ተፈጥሯዊ ሥራው ነው። ቁጭ ብላችሁ ስትለኩ የታወቁት ሰዓቶችና ባንዶች ጥሩ ይሠራሉ። ማሰሪያው ከላላ፣ እጅ ከቀዘቀዘ ወይም ስፖርት ላይ ክንድ በኃይል ከተወዛወዘ ይሳሳታሉ። ንቅሳትም ብርሃኑን ይጋርዳል፤ አንጓቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ሰዓቱ አልቆጥር ካላቸው ልባቸው ስለቆመ አይደለም፣ አትደንግጡ።

የደም ግፊት ግን ሌላ ነገር ነው። ግፊት ማለት ደም የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ይህን ከብርሃን ብቻ ማወቅ አይቻልም፣ መገመት እንጂ። ለዚህ ነው ትልልቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው የሚጠነቀቁት። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡብ ኮሪያ የግፊት አገልግሎቱን ሲጀምር ሰዓቱ በየአራት ሳምንቱ ከክንድ መለኪያ ጋር መስተካከል እንዳለበት አብሮ ተናግሯል። ልብ በሉ፣ ሰዓቱን ለመጠቀም የክንድ መለኪያ መኖር አለበት! አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ያመጣው አገልግሎት ጭራሽ ቁጥር አያወጣም። የ30 ቀን መረጃ አይቶ «ግፊት ሊኖርብህ ይችላል፣ ተመርመር» ይላል፣ በቃ። እሱም ቢሆን ግፊት እንዳለባቸው ለተነገራቸው ሰዎችና ለነፍሰ ጡሮች የተሠራ አይደለም። እንግዲህ በብዙ ገንዘብ የሚሸጠው አፕል ዋች የማይደፍረውን ቁጥር ስሙ የማይታወቅ ሰዓት በአስር ሰከንድ ሲያወጣው አይገርማችሁም?

በእርግጥ ግፊት የሚለኩ ጥቂት ሰዓቶች አሉ። የኦምሮን ኸርት ጋይድ እና የሁዋዌ ዋች ዲ ማሰሪያቸው ውስጥ በአየር የሚነፋ ፊኛ አላቸው፤ ሲለኩ አንጓን ጭምቅ ያደርጋሉ። መለያው ይሄ ነው። ሰዓቱ እጃችሁን ሳይጨምቅ፣ በክንድ መለኪያ ሳይስተካከል ግፊት አወጣ ማለት ገመተ ማለት ነው። የአውሮፓ የደም ግፊት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ፊኛ የሌላቸውን መለኪያዎች ለግፊት ምርመራና ክትትል እንዳንጠቀም ይመክራል።

ስለ ስኳርማ አጭር ነኝ። ጣት ሳይወጋ፣ ቆዳ ሳይበሳ ስኳር የሚለካ ሰዓት የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ላለ ሰዓትም ቀለበትም ፈቃድ እንዳልሰጠ በግልጽ ተናግሯል። «አሜሪካ ያለ ዘመዴ ስኳሩን በሰዓቱ ያያል» የምትሉኝ አላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ግን እሱ ክንዱ ወይም ሆዱ ላይ ቆዳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሴንሰር ተለጥፎለታል፤ ሰዓቱ ከዚያ የመጣውን ቁጥር ያሳያል እንጂ አይለካም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የሰዓቱን የውሸት ቁጥር አይቶ መጠኑን ቢለውጥ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ለስኳር ታማሚ እንዲህ ያለ ሰዓት በስጦታ አትስጡ፣ እለምናችኋለሁ።

ኦክስጅን ላይ ለእኛ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው 99 እዚህ ሁልጊዜ አይጠበቅም። ትንፋሽ ያላጠረው፣ ደህና የሆነ ሰው 93 ወይም 94 ስላየ ብቻ ሌሊት ሊደነግጥ አይገባም። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት በሆስፒታል የጣት መለኪያዎች ላይ ያገኘው ነገር አለ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ካሳየላቸው ጥቁር ታካሚዎች ውስጥ በ11.7 በመቶው የደም ምርመራው ከ88 በታች ነበር፤ በነጮቹ 3.6 በመቶ ነው። የሆስፒታል መሣሪያ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ እንዲህ ከተሳሳተ በሰዓት ላይ ምን ያህል ልንተማመን ነው? ትንፋሽ እያጠራችሁ ሰዓቱ «ደህና ነህ» ቢል ትንፋሻችሁን እመኑ።

ሰዓት በእውነት ያስደነቀኝ በአንድ ነገር ነው፤ የልብ ምት መዛባት ላይ። አፕል ከእ.ኤ.አ. 2018ቱ ሲሪስ 4 ጀምሮ በአብዛኞቹ ዋና ሞዴሎቹ ላይ ኢሲጂ አስገብቷል፣ ሳምሰንግና ሌሎችም ተከትለዋል። ጣታችሁን ሰዓቱ ላይ አስነክታችሁ 30 ሰከንድ ትቆያላችሁ፣ አንድ መስመር ኢሲጂ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ 419,297 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። «ምትህ ተዛብቷል» የተባሉት 0.52 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ በኋላ የመከታተያ ፓች ለጥፈው ከመለሱት በ34 በመቶው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የምንለው መዛባት ተገኝቷል። ይህ ችግር በልብ ውስጥ ደም እንዲረጋና ወደ ጭንቅላት ሄዶ ስትሮክ እንዲያመጣ የሚያደርግ ነው። እኛ አገር ደግሞ በልጅነት ቶንሲል ተነስቶ በሚመጣው የሩማቲክ የልብ ቫልቭ ህመም ምክንያት ወጣቶችም ላይ እናየዋለን። ስለዚህ ሰዓታችሁ ምት ተዛብቷል ካለ ችላ አትበሉት፣ የኢሲጂውን ፎቶ ይዛችሁ ኑ። ባይልም ግን ነጻ ናችሁ ማለት አይደለም።

ይህ ኢሲጂ ሃርት አታክ አይለይም። ሆስፒታል 12 መስመር አንስተን የምናየውን በአንድ መስመር ማየት አይቻልም። ደረታችሁን ጭምቅ አድርጎ ከያዛችሁ፣ ላብ ካሰመጣችሁ፣ ወደ ግራ እጅ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ህመም ካለ ሰዓት እየነካካችሁ ጊዜ አታባክኑ። ወደ ሆስፒታል ሂዱ፣ ወይም የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ።

እሺ፣ የቱን እንግዛ? አይፎን ከሌላችሁ አፕል ዋችን እርሱት፣ ከአንድሮይድ ጋር አይሠራም። አዳዲሶቹ ጋላክሲ ዋቾች ደግሞ ከአይፎን ጋር አይሠሩም፤ ኢሲጂያቸውም የሳምሰንግ ስልክ ይፈልጋል። ኢሲጂ ኩባንያው በፈቀደባቸው አገሮች ብቻ የሚከፈት አገልግሎት ስለሆነ ከውጭ ከማስላካችሁ በፊት እዚህ እንደሚከፈት አረጋግጡ። እነዚህ ሰዓቶች በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቻርጅ ይፈልጋሉ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርምጃ ለመቁጠርና ክብደት ለመቀነስ ለምትሞክሩ የታወቀ አምራች ባንድ ይበቃል። ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ጋርሚን ለእንጦጦ ሯጮች።

ለእናትና ለአባት ስጦታ ለምትፈልጉ፣ በተለይ ውጭ አገር ላላችሁ፣ ግፊት ካለባቸው ከሰዓቱ በፊት የክንድ ግፊት መለኪያ ላኩላቸው። የአንጓ ሳይሆን የክንድ። ስትራይድ ቢፒ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የተፈተሹ ሞዴሎች ዝርዝር አለ፣ ሞዴሉን እዚያ ፈልጉት። ፊኛው ለክንዳቸው ውፍረት የሚሆን ይሁን፤ ጠባብ ፊኛ ወፍራም ክንድ ላይ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ቆይተው፣ አምስት ደቂቃ ጀርባቸውን አስደግፈው ተቀምጠው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ፣ ክንዳቸውን በልባቸው ልክ ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ሳያወሩ ይለኩ። ሁለት ጊዜ ለክተው በደብተር ይጻፉና ለቀጠሮ ይዘው ይምጡ። እኔ ያንን ደብተር ከየትኛውም ሰዓት በላይ እወደዋለሁ።

እጃችሁ ላይ ያለው ሰዓት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግራ ከገባችሁ የሞዴሉን ስም ጻፉልኝ፣ ከጀርባው ወይም ካርቶኑ ላይ ታገኙታላችሁ። ስም ከሌለው ደግሞ የሶፍቱን ሙከራ ቤታችሁ ሞክሩትና ስንት እንዳወጣ ንገሩኝ።