የአያቴ ስም በጣሊያን መዝገብ

እናቴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአንድ ጣሊያናዊ ወታደር ተወለደች፤ ያደገችው ግን በእናቷ አባት ስም ነው። ይህ የብዙ ቤተሰብ ታሪክ ነው። የፋሽስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያናውያን ከአገሬው ሴቶች ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ ከለከለ፤ በ1940 ደግሞ አባት ክልስ ልጁን በሕግ እንዳይቀበል አገደ። ስለዚህ የአያቴን ዱካ መፈለግ የነበረብኝ እሱ ከተወለደበት አገር ነው።

በእጄ የነበረው ሴት አያቴ በቃል ያቆየችው ስሙ፣ መንደሩና ግምታዊ ዕድሜው ብቻ ነው። የጣሊያን ወታደሮች መዝገብ በትውልድ ዓመትና በምልመላ ወረዳ የተደራጀ ሲሆን፣ የቆየው በየክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት ይገኛል። የወላጆች ስም፣ ቁመት፣ ሙያና የዘመቱበት አገር ይጻፍበታል። በዚያ ስም ከዚያው መንደር ሁለት ወታደሮች ተገኙ። ምጽዋ የወረደው ግን አንዱ ብቻ ነበር።

የወላጆቹን ስም ይዤ ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ጻፍኩ። በካቶሊክ ሥርዓት ከ1908 ወዲህ የተፈጸመ ጋብቻ በጥምቀት መዝገቡ ኅዳግ ላይ ይመዘገባል። በአያቴ ስም ጎንም ጋብቻ ተጽፏል፤ ወደ አፍሪካ ከመሳፈሩ በፊት የተፈጸመ።

ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ሰምታ ዝም አለችና፣ «ታዲያ እህት ወንድም ይኖረኝ ይሆናላ!» አለች። አሁን የምንፈልገው እነሱን ነው።

በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ፣ አዛውንቶቹን ዛሬውኑ ጠይቁ። ስሙን እንደሰሙት፣ መንደሩንና ግምታዊ ዕድሜውን ጻፉ። ያለ እነዚህ ሦስቱ የትኛውን መዝገብ እንደሚገልጡ አይታወቅም።