«ኮኔክትድ» ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፦ ከብሪጅ ወደ ራውቲንግ የመሻገር ጣጣ

ምሽት 2 ሰዓት ነው። የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ስልኩም «ኮኔክትድ» ይላል፤ ቪዲዮው ግን አንዴ ሄዶ አንዴ ቆሞ ይቀልድባችኋል። ራውተሩን ነቅላችሁ ትሰካላችሁ። ለአምስት ደቂቃ ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው ነው።

እኛም ደርሶብናል። በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም አንድ መስመር ለብዙ ቤት ተከፋፍለን እንጠቀም ነበር። አንድ ማታ ከሁላችንም ቤት ኢንተርኔት ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ ስንደውል፣ ገመድ ስንነካካ ቆየን። በኋላ ሲጣራ የመስመሩ ጥፋት አልነበረም፤ አንድ ጎረቤታችን አዲስ ራውተር ገዝቶ ገመዱን የተሳሳተ ቀዳዳ ላይ ሰክቶታል። የእሱ ራውተር ለብሎኩ በሙሉ የአይፒ አድራሻ ማደል ጀምሯል! ስልኮቻችን አድራሻ ስላገኙ «ኮኔክትድ» ይላሉ፣ አድራሻው ግን የትም አያደርስም።

አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ በሠራው ስህተት የሰፈሩ ኢንተርኔት እንዴት ይጠፋል? መልሱ «ብሪጅ» የሚባል ነገር ውስጥ ነው። ይሄው ጥያቄ በአሜሪካ ገጠሮች፣ በደቡብ አፍሪካና በሌሎችም አገሮች ያሉ ትናንሽ የገመድ አልባ ኢንተርኔት ድርጅቶችን እንቅልፍ የሚነሳ ነው። እኛ አገር አብዛኞቻችን ኢንተርኔት የምናገኘው ከትልልቆቹ ቴሌኮሞች ነው። ነገር ግን ኮንዶሚኒየም፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት ወይም ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ያለው ኔትወርክም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው።

እነዚህ ድርጅቶች አጀማመራቸው ቀላል ነው። አንድ ፋይበር ይከራያሉ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ወይም ታወር ላይ አንቴና ይሰቅላሉ፣ ደንበኛው ጣሪያ ላይ ደግሞ ትንሽ አንቴና ያስራሉ። ደንበኛ ሲበዛ ሁለተኛ ታወር፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሁሉንም ዕቃ «ብሪጅ» ላይ ካደረጉት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ትሰካለህ፣ ይሠራል። ሃያ ደንበኛ እስካለ ድረስ ማንም ቅሬታ የለውም።

ብሪጅ ምን እንደሆነ ለመረዳት የእድር ጡሩንባ ነፊን አስቡ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው እየዞረ ለሁሉም ይናገራል። የሚመለከተውም የማይመለከተውም ይነቃል። ለአንድ እድር ይሄ ምርጥ ዘዴ ነው። የአዲስ አበባ እድሮች በሙሉ ተዋህደው አንድ ቢሆኑስ? ኮልፌ ለተፈጠረ ጉዳይ ሲኤምሲ ያለው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲነቃ ሊያድር ነው።

ኔትወርክም እንዲሁ ነው። አንድ መሣሪያ ሌላውን ሲፈልግ መጀመሪያ «ይሄ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጮሃል። አድራሻ የሌለው ስልክ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ይጮሃል። ቲቪው፣ ፕሪንተሩ፣ ካሜራው ሁሉ የየራሱ ጩኸት አለው። ብሪጅ የሆነ ኔትወርክ ጩኸቱን ወደ ሁሉም ታወር፣ ወደ ሁሉም ጣሪያ ያደርሰዋል። የጎረቤታችን ራውተር ያደረገውም ይሄንን ነው፤ ስልኮቻችን ሲጮሁ ከትክክለኛው ቀድሞ እሱ መለሰላቸው።

ገመድ አልባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዋይፋይ ለአንድ ሰው ሲልክ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ስለሚያገኝ ፍጥነቱን እንደ ርቀቱ ያስተካክላል። ለሁሉም ሲልክ ግን መልስ የሚሰጠው ስለሌለ፣ በጣም ሩቅ ያለውም እንዲሰማው ብሎ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም በ6 ሜጋቢት። ሌላው ዳታ በመቶዎች ሜጋቢት በሚሄድበት አየር ላይ ማለት ነው። ባለ አንድ መስመር መንገድ ላይ ጋሪ ፊታችሁ ሲገባ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ማታ ማታ የሚንቀራፈፈው ኢንተርኔት ሁልጊዜ «የተገዛው ሜጋ ስላነሰ» ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሉፕ ነው። ሁለት ታወሮች በሁለት መንገድ ከተገናኙ ጩኸቱ በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ ሁለቱ ጡሩንባ ነፊዎች አንዱ የሌላውን እየሰማ ደግሞ ይነፋል። አይፒ ፓኬት ዕድሜ አለው፤ ቢበዛ ከ255 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ይነሳና በየራውተሩ አንድ እየተቀነሰበት ዜሮ ሲሆን ይጣላል። ብሪጅ ላይ የሚሄደው የኢተርኔት ፍሬም ግን ይሄ ቁጥር የለውም። አይሞትም። በሰከንዶች ውስጥ ኔትወርኩን ይሞላዋል።

ለዚህ መድኃኒት ያገኘችው አሜሪካዊቷ ራዲያ ፐርልማን ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የሚባል ድርጅት ውስጥ ስትሠራ «ስፓኒንግ ትሪ» የተባለውን ዘዴ ፈጠረች፤ ትርፍ የሆነውን መንገድ ራሱ ለይቶ የሚዘጋ ነው። እስከ ዛሬ ይሠራል። ልክ ግን አለው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2002 ቦስተን ውስጥ ቤዝ ኢስራኤል ዲኮነስ የተባለ ትልቅ ሆስፒታል ኔትወርኩ ወደቀ። ለዓመታት እየተቀጣጠለ ያደገው ኔትወርክ ስፓኒንግ ትሪ ከሚችለው በላይ ሆኖ ነበር። ለቀናት ያህል ሐኪሞቹ ትእዛዝና ውጤት በወረቀት ሲቀባበሉ ቆዩ። ያስተካከሉትም ኔትወርኩን በራውተር ከፋፍለው ነው። የሆስፒታሉ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ጆን ሃላምካ ጉዳዩን ሳይደብቅ በአደባባይ ስለተናገረ ዛሬም የኔትወርክ ባለሙያዎች እንደ ትምህርት ያነሱታል። (ያ ሆስፒታል በገመድ ነበር። ገመድ አልባው ከዚያ ይብሳል።)

እሺ፣ ራውቲንግ ምን ያደርጋል? እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ እድር ይኑረው ይላል። ጡሩንባው ከሰፈሩ አያልፍም። ለሌላ ሰፈር የሚሄድ መልእክት ካለ ለእድሩ ሰብሳቢ ይሰጣል፣ እሱ ለሚቀጥለው ሰብሳቢ ያቀብላል። ሰብሳቢው እያንዳንዱን ሰው ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የትኛው ሰፈር በየት በኩል እንደሆነ ካወቀ በቂ ነው።

አምስት ታወር ያለው ድርጅት እንውሰድ። በየታወሩ አንድ ራውተር ይቀመጣል። የመጀመሪያው ታወር ደንበኞች 10.1.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ይይዛሉ፣ የሁለተኛው 10.1.2፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አድራሻውን ብቻ አይቶ «ይሄ ደንበኛ አራተኛው ታወር ላይ ነው» ማለት ይቻላል። ራውተሮቹ መንገድ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ደግሞ አለ፣ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. ይባላል። አጭሩን መንገድ የሚያሰላው ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ስሌት ነው። ዳይክስትራ ስሌቱን አምስተርዳም ውስጥ ከእጮኛው ጋር ቡና እየጠጣ በ20 ደቂቃ ገደማ እንዳሰበው ተናግሯል። አንድ አንቴና ቢወድቅ ራውተሮቹ በሌላ መንገድ ያዞሩታል፤ ቅንብሩ ካልተነካ ይሄ እስከ 40 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። ትርፉ መንገድም ተዘግቶ አይቀመጥም፣ ይሠራበታል።

ወረቀት ላይ ሲታይ የአንድ ቀን ሥራ ይመስላል። አይደለም። ደንበኛው እየተጠቀመ፣ ክፍያ እየከፈለ፣ ቤቱን አፍርሶ መሥራት ነው።

ከየት ይጀመራል? ብዙ ሰው ከመሃል ይላል። ለእኛ የሚያሳምነን ግን ከመጨረሻው ታወር መጀመር ነው። ጫፍ ላይ ያለው ታወር ራውተር ይገባለታል። ከራውተሩ ወደ መሃል ያለው በኩል እዚያው አሮጌው ብሪጅ ውስጥ ይቆያል፣ ከኋላው ያሉት ደንበኞች ብቻ ወደ አዲሱ አድራሻ ይዞራሉ። መሃል ላይ ላለው ዋና ራውተር «10.1.5ን ስትፈልግ በዚህ በኩል ሂድ» ተብሎ አንድ መስመር ይጻፍለታል። አራቱ ታወሮች ምንም አያውቁም። ስህተት ቢፈጠር የሚጎዳው የአንድ ታወር ደንበኛ ነው፣ መመለስም ይቻላል። ከዚያ አራተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው።

ትንሽ የምትመስል ነገር ሌሊት ታስለቅሳለች። ስልኮችና ራውተሮች አድራሻ የሚከራዩት ለተወሰነ ሰዓት ነው። ኪራዩ አንድ ቀን ከሆነ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ታወሩን ብትቀይሩት ደንበኛው አሮጌ አድራሻውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቀደም ብሎ፣ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት፣ ኪራዩ ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። ሌላዋ ደግሞ የአንቴናው የራሱ አድራሻ ናት። እሷን መጀመሪያ የቀየረ ቴክኒሻን አንቴናውን ከቢሮ ሆኖ ማግኘት ያቅተዋል፤ ቀበቶ አስሮ ታወር መውጣት ነው እንግዲህ። አሮጌውንና አዲሱን አድራሻ ጎን ለጎን ማቆየት ከዚህ ያድናል።

የደንበኛን ፍጥነትና ክፍያ በማክ አድራሻ የሚቆጣጠር ድርጅት ደግሞ ሌላ ድንጋጤ ይጠብቀዋል። ማክ አድራሻ ራውተርን አያልፍም። መሃል ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ከአዲሱ ለውጥ በኋላ የሚያየው የታወሩን ራውተር ብቻ ነው። 80 ደንበኛ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፤ ባለ 5 ሜጋ ፓኬጅ የሚለው ገደብ 80ውንም አንድ ላይ አንቆ ሊይዛቸው ይችላል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ወደ አይፒ መዞር ያለበት ታወሩ ከመነካቱ በፊት ነው። በእጁ ቋሚ አድራሻ ጽፎ ካሜራ ያስገባ ሱቅም አይጠፋም፤ እነሱን ቀድሞ ደውሎ መለየት ያስፈልጋል።

ኤንኤቲን፣ ማለትም ብዙ ሰው በአንድ አድራሻ የሚወጣበትን ዘዴ፣ በየታወሩ ማድረግም የተለመደ ስህተት ነው። ይቀላል፣ መንገድ ማስተማር አይፈልግም። ግን ጌም የሚጫወቱ ልጆች መገናኘት ያቅታቸዋል፣ ችግር ሲመጣም የትኛው ደንበኛ እንደሆነ ከመሃል ሆኖ ማየት አይቻልም። ድርጅቱ ኤንኤቲ ማድረግ ያለበት መውጫው በር ላይ ብቻ ነው።

ሁሉም ሰው ይሄን ማድረግ አለበት አንልም። አንድ ታወርና 15 ደንበኛ ያለው ሰው ብሪጁን ይዞ ይቀጥል። ደንበኞቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ አድርጎ፣ ከደንበኛ በኩል የሚመጣ የአድራሻ እደላን ከዘጋ ትልቁን ጣጣ አስቀርቷል። (የእኛ ኮንዶሚኒየም የጎደለው ይሄ ብቻ ነበር፤ ጎረቤታችንን ያለ ጥፋቱ ነው የተቆጣነው።) ራውቲንግ ሜጋም አይጨምርም። 100 ሜጋ የገዛ ድርጅት ራውተር ስለተከለ 200 አይሆንለትም፤ በጩኸት ይባክን የነበረው አየር ግን ይመለስለታል። ወጪም አለው፦ በየታወሩ ራውተር፣ ለሱ የሚበቃ ባትሪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅንብሩን የሚያውቅ ሰው።

የእናንተ ኢንተርኔት ስንት ራውተር አልፎ እንደሚወጣ ከስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። ትሬስራውት የሚሠራ ነፃ አፕ አውርዱና 8.8.8.8 ብላችሁ ላኩ። የመጀመሪያው መስመር ብዙ ጊዜ የቤታችሁ ራውተር ነው። ከሱ በኋላ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምሩ አድራሻዎች ከተደረደሩ አቅራቢያችሁ ውስጥ ያሉ ራውተሮች ናቸው። ቪዲዮ ወደ ቲቪ ልትልኩ ስትሉ ዝርዝሩ ላይ የማታውቁት ሰው ሳሎን ቲቪ ከመጣ ግን እናንተና እሱ አንድ ጡሩንባ ነው የምትሰሙት፤ መስመሩን ለሚያስተዳድረው ሰው ስክሪንሾት አንሱና ላኩለት።