ስለ ዲጂታል የመጽሔት ማኅደር፦ ስያሜውና አጠቃቀሙ

ለአንድ ቃል ፍች የሚሰጥ ሰው ቃሉ መቼ፣ በማንና በምን ዐውድ እንደ ተጻፈ ማስረጃ ይሻል። ይህ ማስረጃ ለብዙ ዘመን ሲለቀም የኖረው ከመደርደሪያ በወረደ ጥራዝና በካርድ ላይ በሚገለበጥ ጥቅስ ነበር። ዛሬ ግን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠቃሚ የሆነ ተመራማሪ፣ ጄስቶርን በመሰለ ክምችት የብዙ ዓመታት መጽሔቶችን በአንድ መቀመጫ ማሰስ ይችላል።

ጄስቶር በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተቋቋመ። አሳቡን ያመነጩት የሜለን ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ዊልያም ቦወን ሲሆኑ፣ መነሻቸውም የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች በቆዩ መጽሔቶች መጨናነቅ ነበር። ሙከራው በ10 የኢኮኖሚክስና የታሪክ መጽሔቶች ተጀመረ። በ1963 እ.ኤ.አ. መውጣት የጀመረው የአዲስ አበባው «ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ» ዛሬ በዚሁ ክምችት ይገኛል።

ክምችቱን «ቤተ መዛግብት» ማለት የሚስማማ አይመስለንም፤ ቤተ መዛግብት ሌላ ቅጂ የሌለው ሰነድ የሚጠበቅበት ነውና። የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ከረጢት «ማኅደር» ስለሚባል፣ «ዲጂታል ማኅደር» ይሻላል። አብዛኞቹ መጽሔቶች የቅርብ ዓመታት ቅጾቻቸውን፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ያስቀራሉ፤ ዓመት በተለወጠ ቁጥር አንድ ዓመት ይለቀቃል። እንግሊዝኛው ይህን «ሙቪንግ ዎል» ይለዋል። ቃል በቃል «ተንቀሳቃሽ ግድግዳ» ቢባል አንባቢ የቢሮ መከለያ ይመስለዋል። «ተራማጅ ወሰን» ባማረ ነበር፤ ቃሉን ግን ፖለቲካው ወስዶታል። «ተጓዥ ወሰን» እንላለን።

መግቢያው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ከግቢው ውጭ ያለ አንባቢ በቤተ መጻሕፍቱ ገጽ በኩል መለያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ያልፋል። ቤተ መጻሕፍቱ ያልተመዘገበበት ስብስብ፣ ለሁሉ ከተፈቀደው በቀር፣ አይከፈትም።

ዋናው ጥንቃቄ ፍለጋው ላይ ነው። አንባቢው የሚያየው የታተመው ገጽ ሥዕል ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚፈልገው ግን ከሥዕሉ ሥር በመሣሪያ ተነቦ የተቀመጠውን ጽሑፍ ነው። ለላቲን ፊደል የተሠራ መሣሪያ የግእዝ ፊደል ሲገጥመው ትርጉም የለሽ ምልክት ይደረድራል። የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍም ችግሩ አይቀርም። ለምሳሌ «ጤፍ» በአንድ ኤፍ፣ በሁለት ኤፍ፣ ከቲ በታች ነጥብ ወይም ከጎኑ ጭረት ተደርጎ ይገኛል፤ ነጥቡን ደግሞ መሣሪያው አንዳንዴ ይጥለዋል፣ አንዳንዴ ወደ ሌላ ፊደል ይለውጠዋል። ስለዚህ የተለያዩትን አጻጻፎች «ኦር» በሚለው የእንግሊዝኛ አያያዥ አጣምሮ መፈለግ ያስፈልጋል። የደራሲ ስምም እንዲሁ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ደራሲ በራሱ ስምም በአባቱ ስምም ሊመዘገብ ስለሚችል ሁለቱም ይሞከሩ።

ከዚህ የተነሣ «ፈልጌ አላገኘሁም» ማለት «ከዚህ ዓመት በፊት አልተጻፈም» ማለት አይደለም። አንድ ቃል መጀመሪያ የታየበትን ዓመት በዚህ ፍለጋ ብቻ ወስኖ በመዝገበ ቃላት ያተመ አዘጋጅ፣ ስሕተቱን ለተከታዮቹ ሁሉ ያወርሳል። በፍለጋው የተገኘው ዓመት «እስካሁን የታወቀው ቀዳሚ» ተብሎ ይመዝገብ፤ የላቲኑ አጻጻፍም መጽሔቱ እንዳተመው ይገልበጥ።

ጥቅስ ሲመዘገብ የሚጻፈው የመጽሔቱ የራሱ ገጽ ቁጥር ነው። ከማኅደሩ የሚወርደው ቅጂ የመግለጫ ገጽ ከፊቱ ስለሚጨመርበት፣ በኮምፒዩተሩ መስኮት የሚታየው ቁጥር ከታተመው ጋር አይገጥምም።