አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል

በመቀሌ ከተማ ዳዊት የሚደግም ልጅ መዝሙር 118 ላይ ሲደርስ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉትን ያገኛል። ትርጓሜያቸውን የሚነግረው ካላገኘ ስውር ስሞች ይመስሉታል፤ እኛም በልጅነታችን እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች ናቸው። መዝሙሩ 22 ክፍል አለው፤ በዕብራይስጡ የየክፍሉ 8 ስንኞች ሁሉ በዚያው ፊደል ይጀምራሉ። ግእዙ ከግሪክ ቋንቋ ስለ ተተረጎመ ይህ ሥርዐት ቀርቶ ስሞቹ ብቻ ተረፉ።

ቢሆንም ለመቀሌ ልጅ እንግዶች አይደሉም። ቤት ያው ቤት ነው፤ ጋሜልም ከአፋር ጨው ጭኖ ወደ ከተማው ሲገባ ከኖረው ገመል ጋራ ይዛመዳል። ስሙ ዐይን ማለት የሆነውን 16ኛውን ፊደል እናቱ «ዓይኒ» ስትል ከጉሮሮዋ ታወጣዋለች። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን፣ አፋችን ስለ ሰነፈ ይሆናል፣ ድምፁን ከአ ጋራ ቀላቅለነዋል።